የቆዳ ሶፋና የአማት ድመት

ጥፍር ሠሪዋ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ሶፋው ሥር ተንበርክካ የቀኙን የእጅ መደገፊያ በስልኳ መብራት ትመረምራለች። አዲስ ጭረት ነው። ጠዋት ወደ ውበት ሳሎኑ ስትሄድ አልነበረም። በአውራ ጣቷ ስትዳስሰው የቆዳው ፊት ተልጦ ሻከራት።

እንዲህ ተንበርክካ ፊቷ የአማቷን ጉልበት ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ አሮጊቷ እንደ ልማዳቸው ቀኙ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። የሰው እግር ሥር ተቀምጣ ውላ ቤቷ ስትገባ ደግሞ እሳቸው እግር ሥር መንበርከኳ አንጀቷን አሳረራት።

“ይኸውልህ፣ ዛሬም ጨምረዋል” አለች ወደ ባሏ ዞራ።

ባሏ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ዳቦ ይገምጥ ነበር። “እነማን?” አለ።

“እኔ ነኛ። ሌሊት እየተነሣሁ የገዛ ሶፋዬን የምቧጭረው እኔ ነኝ።”

ባልየው ማኘኩን ቀጠለ። እናቱና ሚስቱ ሲነካከሱ አፉን በምግብ መሙላት ከለመደ ቆይቷል።

“ድመት ጥፍር አላት” አሉ አማቷ ቁልቁል እያዩዋት። እጆቻቸው እንደ ወትሮው ሻላቸው ውስጥ ናቸው። “ቆዳ ስትገዢ ይሄን የነገረሽ ሰው የለም?”

“አውቄ ነው የገዛሁት፣ እማማ።”

“ካወቅሽማ ጎበዝ።”

አውቃ መግዛቷ እውነት ነው። ሱቅ ለሱቅ ስትዞር የሻጮቹን ምላስ ትታ የራሷን ጥፍር ነበር የምትሰማው። በአውራ ጣቷ ጥፍር የሶፋውን ጀርባ ገፋ ታደርግና ምልክት ከያዘ ደህና ዋሉ ብላ ትወጣለች። ፀጉር ፀጉር የሚለው ለስላሳ ቆዳ ለድመት ግብዣ ነው፤ ጨርቅ ደግሞ ጥፍር ይይዛል። ወፍራም ሆኖ ጥብቅ ብሎ የተወጠረ፣ ላዩ የተቀባ ቆዳ ግን ጥፍር ያንሸራትታል። ይህን ሁሉ ጠይቃና አንብባ ደርሳበት ነበር። ቁልፍና ዘርፍ የሌለው፣ ስፌቱ የተደበቀ፣ ጭረት ቶሎ የማያጋልጥ ጥቁር ቡናማ ሶፋ አገኘችና ለምርቃቱ ያህል አማቷን ይዛ ሄደች። ያን ቀን ያደረገችውን ያህል የሚቆጫት ነገር የለም።

አማቷ ሶፋው ውስጥ ስምጥ አሉና ለመነሣት ሲሞክሩ እንቢ አላቸው። ሻጩ ደግፎ አነሣቸው። “ልጄ፣” አሉት ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ “የተቀመጠ ሰው ይነሣል ብላችሁ አይደለም እንዴ የምትሠሩት? ወይስ ለሬሳ ነው?” ሻጩ ከት ብሎ ሳቀ። ጥፍር ሠሪዋ አልሳቀችም። ዓይኗ ደም ለበሰ፤ ሶፋውንም እልህ ተጋብታ እዚያው ገዛችው።

ሶፋው ለሷ የቤት ዕቃ ብቻ አልነበረም። ውበት ሳሎኑ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ የምትቀመጠው ጉልበቷ አገጯን ሊነካ በሚደርስ አጭር በርጩማ ላይ ነው። ከላይ ሴቶቹ ወንበራቸው ላይ ተንጋለው በስልክ ያወራሉ፣ ከታች እሷ ተረከዛቸውን ትፈገፍጋለች። ቲፕ የሚሰጧትም ቁልቁል ነው። ያንን ቲፕ ነበር አጠራቅማ፣ ቤቷ ገብታ እንደ ሰው ጀርባዋን ሰጥታ የምትቀመጥበትን የገዛችበት።

አማቷ ግን ይህ ቤት የገቡት ከሁለት ድመቶች ጋር ነው። ነጯ ወይዘሪት ትባላለች፣ ሰው ሲነካት ስለምትጠየፍ። ግራጫው ዘበኛው ይባላል፣ እሱ ደግሞ ስሙን ያገኘው ከእንቅልፉ ነው።

ጥፍር ሠሪዋ ሶፋውን ለመጠበቅ ያልሞከረችው ነገር የለም። ገመድ የተጠመጠመበት ግንድ አሠርታ ለድመቶቹ መቧጨሪያ አቆመች፤ ደግሞም ወደዱት፣ ጠዋትና ማታ እሱን ነው የሚቧጥጡት። መቀመጫው ላይ ብርድ ልብስ አነጠፈች። የእጅ መደገፊያውን በሎሚ ልጣጭ አሸች፣ ድመት ሽታውን አይወድም ስለተባለች። ወይዘሪት የሎሚውን ሽታ ናቀችው፤ ከቤት የሸሸው ባሏ ነው፣ ያስነጥሰዋል። የቀኙ መደገፊያ ግን በዚህ ሁሉ መሀል ጭረት መጨመሩን አልተወም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚያርፈው እዚያ ነው፤ ወይዘሪትም የምትተኛው እዚያው ላይ ስለሆነ ተከሳሽ ፍለጋ መሄድ አላስፈለገም።

ጭረቱ እየበዛ በሄደበት ሰሞን አማቷ እራት ላይ ነገር ወርወር አድርገው ነበር። “ቤትሽ ውስጥ ጥፍሩ የረዘመ ሞልቶ፣ አንቺ የማንንም ሴት ጥፍር ስትሞርጂ ትውያለሽ” አሏት።

“እኔ የምቆርጠው ለሚከፍለኝ ነው” አለቻቸው። “የድመትዎን ጥፍር ራስዎ ይቁረጡ።”

አማቷን አፍ ማስያዟን እንደ ድል ቆጥራ ያን ማታ ደስ ብሏት አደረች።

አሁን ባሏ ዳቦውን ጨርሶ እጁን አራገፈ። “ለማንኛውም ዛሬ ያልቃል” አለ። “ባለመጋዘኑን አናግሬዋለሁ። አይጥ እህሉን ስለጨረሰበት ሁለቱንም ይወስዳል። መንገድ ላይ ነው።”

ጥፍር ሠሪዋ ሳምንቱን ሙሉ የነዘነዘችው ለዚህ ነበር።

“ጥሩ” አሉ አማቷ። “እኔንም እህትህ ቤት ወስደህ ጣለኝ።”

“እማ፣ እሷ ቤትማ መተኛ የት አለ? አንዲት ክፍል እኮ ናት። ልጆቹ ራሳቸው ተደራርበው ነው የሚያድሩት።”

“መሬትም ቢሆን እተኛለሁ። መሬት ላይ የተኛ ሰው የሰው ዕቃ አበላሸ አይባልም።”

“ማንም እርስዎን አበላሹ አላለም” አለች ጥፍር ሠሪዋ። “ከፈለጉ መቆየት ይችላሉ።” ይህን ስትል ግን ልቧ ሌላ ይላል፤ እንዳይቆዩ በሆዷ እየለመነች ነበር።

ባልየው ካርቶን አመጣ። ዘበኛውን ከነእንቅልፉ አንሥቶ ከተተው። ወይዘሪት ክንዱን ቧጥጣው በግድ ገባች። ካርቶኑን በፕላስተር አሽጎ፣ አየር እንዲገባ በብሎን መፍቻው ቀዳድቶ፣ ባለመጋዘኑን ሊቀበል ወደ ታች ወረደ። ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ። ካርቶኑ ውስጥ ወይዘሪት ታለቅሳለች።

“ልብሴን ልሰብስብ” አሉ አማቷ።

ቀኝ እጃቸውን ከሻሉ አወጡ። መደገፊያውን ጨበጡ፣ ወደ ፊት ዘመም ብለው ገፉ፤ ሶፋው መልሶ ዋጣቸው። ደግመው ጨበጡ። ጣቶቻቸው ቆዳው ላይ ተንሸራተቱና ክርር የሚል ድምፅ ተሰማ።

ጥፍር ሠሪዋ ክው አለች። የድመት ጥፍር ቀጭን ሆኖ ረጅም መስመር ነው የሚያወጣው። እዚህ ያሉት ጭረቶች ግን አጫጭር፣ ሰፋፊ፣ ጎበጥ ያሉ ናቸው፤ ያለ እረፍት የሰው ጥፍር ስታይ የምትውል ሴት ይህን መለየት ነበረባት። የአማቷን እጅ አየችው። ጥፍሮቹ ወፍረው፣ ቢጫ ሆነው፣ ጫፋቸው ወደ ውስጥ ታጥፏል። የአውራ ጣታቸው ግማሹ ተሰንጥቋል። እስከ ዛሬ እጃቸውን ሻል ውስጥ የሚደብቁት እሷን ላለመጨበጥ ተጸይፈው ይመስላት ነበር።

“ምን ያስፈጥጥሻል?” አሉ አማቷ እጃቸውን እየመለሱ።

“ያሳዩኝ እስቲ።”

“ሌባ ነኝ እጄን የምትፈትሺው?”

“እማማ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ያልተቆረጠው?”

አሮጊቷ መስኮቱን አዩ። “ዓይኔም እጄም እኩል ከዱኝ” አሉ። “መቁረጫውን ስይዘው ይንቀጠቀጥና ጥፍሩን ትቶ ሥጋዬን ይነክሳል።”

“ታዲያ አይነግሩኝም ነበር?”

“ነገርኩሽ እንጂ። ለሚከፍል ነው አልሽኝ።”

ያ የእራት ላይ ነገር ትዝ አላት። እነዚህ ሁለት ሴቶች ሲነጋገሩ መለመንና መሳደብ በአንድ ድምፅ ነበር የሚወጣው፤ ስለዚህ ልመናውን እንደ ስድብ ሰምታው ነበር።

“ድመቶቹ ሲከሰሱስ ለምን ዝም አሉ?”

“ብናገር ምን ልታደርጊ? አማቴ እንደ ድመት ትቧጭራለች ብለሽ ለሳሎን ሴቶችሽ ልታወሪ።”

ጥፍር ሠሪዋ ማውራቷ አይቀርም ነበር። አሁንም ቢሆን አዘነችላቸው ማለት ውሸት ይሆናል። መጀመሪያ የተሰማት ንዴት ነው። ሦስት ወር ሎሚ ስታሽ ኖራለች። በሩን ከፍታ ባሏን ብትጠራውና ይኸው ድመትህ ብላ የእናቱን እጅ ብታሳየው፣ አሮጊቷ ከኃፍረታቸው የተነሣ ዛሬውኑ ይሄዳሉ፤ ሶፋው ለሷ ብቻ ይቀራል። ወደ በሩ እንኳ ሁለት እርምጃ ሄዳ ነበር። ዞር ስትል አማቷ ሊነሡ አልሞከሩም። የምታደርገውን አውቀው፣ እጆቻቸውን ከሻሉ አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ይጠብቋታል። መንቀጥቀጡ ከሩቅ ይታያል።

ቦርሳዋን ከፈተችና ጋዜጣ ዘረጋች።

“በርጩማሽስ?” አሉ አማቷ።

“ቤቴ ውስጥ በርጩማ ላይ አልቀመጥም።” ሶፋው ላይ አጠገባቸው ተቀምጣ ቀኝ እጃቸውን ጭኗ ላይ አኖረችው። እጃቸውን ስትይዘው የመጀመሪያዋ ነው፤ ካሰበችው በላይ ቀልሎባት ደነገጠች። ስንጥቁን ቀስ ብላ ቆረጠች፣ የታጠፈውን በሞረድ አለሰለሰች።

“አመመዎት?”

“ሥራሽን ሥሪ። ቀለም እንዳትቀቢኝ ደግሞ።”

“ቀለም ለሚከፍል ነው።”

አሮጊቷ አፍንጫቸውን ነፋ አደረጉ። ሳቅ ይሁን ንቀት አልለየላትም።

ቀኙ ሲያልቅ ደረጃው ላይ የባሏ እርምጃ ተሰማ። አማቷ ሁለቱንም እጆቻቸውን ሻሉ ውስጥ ሸሸጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጥፍር ሠሪዋ ካርቶኑን በጥፍር መቁረጫዋ ጫፍ ቀደደች፣ ወይዘሪትን በማጅራቷ ይዛ አወጣችና ጭኗ ላይ አጣበቀቻት።

“ሰውዬው መኪናውን አላጠፋም፣ ቶሎ በሉ” አለ ባሏ በሩን ከፍቶ። ከዚያ ቆመ። “ምን እየሠራሽ ነው?”

“ጥፍሯን እየቆረጥኩ። ካጠረ አይቧጭሩም። አይሄዱም።”

“ሳምንቱን ሙሉ ይሂዱ ስትዪኝ አልነበር?”

“አሁን አይሄዱም አልኩህ።”

ባልየው ጎንበስ ብሎ ጋዜጣው ላይ የተከመረውን አየ። “ይሄ ሁሉ የሷ ነው? ድመት ናት ነብር?”

“የሷ ነው” አለች ጥፍር ሠሪዋ፣ ቀና ሳትል።

አማቷ ዓይናቸውን ገለጡ። ምራታቸውን ለረጅም ጊዜ አዩዋት፤ ምስጋና የሚመስል ነገር ግን ፊታቸው ላይ አልነበረም።

“የግራው ቀርቷል” አሉ።

“የግራ እግሯን ነው?” አለ ባልየው።

“ውረድና ሰውዬውን ሸኘው” አለችው ሚስቱ። “ስትመለስ ዳቦ ይዘህ ና፤ የነበረውን በልተህ ጨርሰኸዋል።”

በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች። ከዚያ ድመቷን ከጭኗ አውርዳ፣ መዳፏን ወደ ሻሉ ዘረጋች።