መጀመሪያ ፊልሙን

አሮጌው ፎቶ አንሺ በካሜራው ቀልድ አያውቅም። ሴት ልጁን ከትንሽነቷ ጀምሮ በአንድ ነገር ጆሮዋን አደንቁሯታል፤ «መጀመሪያ ፊልሙን አጠንጥኚ፣ ከዚያ የመዝጊያውን ፍጥነት ምረጪ። ፍጥነቱን ካስቀደምሽ ውስጡ እንክት ነው የሚለው!» አንዴ ተሳስታ የፍጥነት መምረጫውን ብትነካው፣ ሳምንት ሙሉ አኩርፏት ነበር።

ዛሬ ፎቶ ሊያነሳት መስኮቱ ሥር አስቀመጣት። «ደመናው ብርሃኑን በላው፤ ፍጥነቱን ዝቅ ላድርገው» አለና፣ ፊልሙን ሳያጠነጥን መምረጫውን አዞረው። ከካሜራው ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። እሷ ሰማችው። ሰሞኑን ቁልፍ ሲጠፋበት፣ ስም ሲምታታበት፣ እርጅና ነው እያለች ራሷን ስትሸነግል ከርማለች። ይሄንንስ ምን ትበለው?

እሱ አልሰማም። «እንዳትነቃነቂ፣ የኔ እመቤት» አለና ማንሻውን ተጫነው። ካሜራው ትንፍሽ አላለም። አጠንጥኖ ደግሞ ተጫነ። እሷም ፊልሙ እስኪያልቅ ድረስ ፈገግ እንዳለች ተቀመጠችለት።

ሲጨርስ ካሜራውን እቅፏ ውስጥ አኖረላት።

«ከእንግዲህ ያንቺ ነው። አደራ፣ መጀመሪያ ፊልሙን፣ ከዚያ ፍጥነቱን። እኔ በዕድሜዬ አንድ ቀን እንኳን ተሳስቼ አላውቅም።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ» አለችው።