በጋሽ ሙሀመድኑር ስም የቀሉት ሥራዎች

ሶፍትዌሩ ከሚሴ የገባው በ2009 ዓ.ም. መኸሩ ከተሰበሰበ በኋላ ነው። ይዞት የመጣው አዲስ አበባ ካለው ዋና መሥሪያ ቤት የተላከ ቀጭን አሰልጣኝ ነበር። ጨፋ ሸለቆ ውስጥ ላሉ መንደሮች ንጹሕ ውሃ የሚያስገባው የአንድ ትንሽ ማኅበር ቅርንጫፍ ቢሮ ገብቶ፣ አራቱን ሠራተኞች በጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠና በነጩ ግድግዳ ላይ በፕሮጀክተር አንድ ሰሌዳ አበራላቸው። ሰሌዳው ሦስት ዓምድ አለው፤ «የሚሠራ»፣ «በመሠራት ላይ» እና «ያለቀ»። እያንዳንዱ ሥራ አንድ ካርድ ይሆናል። ካርዱ ላይ የሠራተኛው ስምና ሥራው የሚያልቅበት ቀን ይሞላል፤ ሥራው ሲያልቅ ካርዱን ጎትቶ ወደ መጨረሻው ዓምድ መውሰድ ነው። ቀኑ ካለፈ ካርዱ በራሱ ጊዜ ይቀላል፤ ሥራው ዘግይቶ ቢያልቅም እንደቀላ ይቀራል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ለዚህ ሁለት ቀን ሥልጠና ምን እንደሚያደርግ የሚያውቀው የላከው መሥሪያ ቤት ብቻ ነው።

የቅርንጫፉ አስተባባሪ ፈይሩዝ ግን ነገሩን ወደደችው። እስከዚያ ድረስ ሥራው ሁሉ ያለው በእሷ ጭንቅላት ውስጥ ነበር። ቧንቧው የት ደረሰ፣ ቦዩ ምን ያህል ተቆፈረ፣ የውሃ ኮሚቴው ተመረጠ ወይ እያለ አዲስ አበባ በደወለ ቁጥር መልሱን ከዚያው ፈልጋ ማውጣት ነበረባት። አሁን ራሳቸው ገብተው ይዩት፣ እኔም ትንሽ ልረፍ አለች በሆዷ።

«አንድ ካርድ፣ አንድ ስም፤» አለ አሰልጣኙ። «ሁለት ሰው የያዘው ሥራ ማንም ያልያዘው ሥራ ነው።»

ይህ አባባል ያልጣማቸው ጋሽ ሙሀመድኑር ነበሩ። በቢሮው በዕድሜ ትልቁ እሳቸው ናቸው። ሥራቸው ቧንቧው ከሚያልፍባቸው መንደሮች ሽማግሌዎች ጋር መነጋገር ነው፤ ጺማቸውን ቀይ ሂና ይቀቡታል፣ ለሁሉም ነገር መልስ አላቸው። «ልጄ፣» አሉት፣ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ ጋሼ። ሲስተሙ ግን የሚቀበለው አንድ ስም ነው።»

«እንግዲያው ይሁን። እንግዳ አይከፋም።»

አሰልጣኙ በሁለተኛው ቀን ሥልጠናው ሊያበቃ ሲል ሪፖርት ስለሚባል ገጽ መናገር ጀምሮ ነበር። ሶፍትዌሩ ማን ስንት ሥራ እንዳዘገየ ራሱ እየቆጠረ በየሰዉ ስም ይይዛል እያለ ነበር። ይሁን እንጂ ቀኑ ዓርብ ነው፣ የጁሙዓ አዛን ወጥቷል፤ ወንዶቹ ጫማቸውን እያጠለቁ፣ ሴቶቹ ሻርፓቸውን እያስተካከሉ «ገብቶናል፣ ገብቶናል» ብለውት ወጡ። አልገባቸውም ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንደ ጨዋታ አለፉ። ግዢውን የያዘችው ሸሪፋ ስኳር ለመግዛት ሳይቀር ካርድ ከፈተች። አዲስ የተቀጠረው ቴክኒሻን አብዱልጀሊል ምን እንደሚመጣ ለማየት ብሎ ካርዶቹን በሙሉ «ያለቀ» ውስጥ ከተታቸውና፣ ያልተቆፈረው ቦይ ሁሉ ሰሌዳው ላይ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ተቆፍሮ ዋለ።

ከዚያ አንድ ሰኞ የሸሪፋ ካርድ ቀላ። ኮምቦልቻ ያለው የቧንቧ ነጋዴ «ነገ፣ ኢንሻአላህ» እያለ ሲያመላልሳት ቀኑ አልፏል። እንደ አጋጣሚ ያን ዕለት ከውሃ ጽሕፈት ቤት የመጡ እንግዶች ሰሌዳው በሚታይበት የሰኞ ስብሰባ ላይ ተቀምጠዋል፤ የሸሪፋ ስም ደግሞ በነጭ ነጠላ ላይ እንደፈሰሰ ወጥ ግድግዳው ላይ ቀልቶ ይታያል። ሸሪፋ ሻርፗን ወደ ግንባሯ ጎተተች፣ ስብሰባው እስኪያልቅም ቀና አላለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ፣ በሥራዋ ስሟ በክፉ ተነሥቶ የማያውቅ ሴት ናት።

በማግሥቱ ያ ቀይ ካርድ በጋሽ ሙሀመድኑር ስም ሆኖ ተገኘ። ጠዋት አብዱልጀሊልን ጠርተው «እስቲ የሷን አውጣና የኔን ስም አስገባልኝ» ብለውታል። ከዚያም ሚኒባስ ተሳፍረው ኮምቦልቻ ሄዱ፤ ነጋዴው ሱቅ በር ላይ ወንበር አስመጥተው ተቀመጡና ቧንቧው እስኪጫን ድረስ አልነሣም አሉ። በመሸ ጊዜ ከጭነቱ ጋር ተመለሱ።

«ለምን እንዲህ ያደርጋሉ፣ ጋሼ?» አለቻቸው ሸሪፋ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ። የሰው ነውር የሸፈነን አላህ ነውሩን ይሸፍንለታል። ደግሞ ቀይ ከጺሜ ጋር ይሄዳል።»

ቢሮው ሳቀ፤ ልማዱም በዚያው ተጀመረ። ሊቀላ የደረሰ ካርድ ሁሉ ወደ ጋሽ ሙሀመድኑር ይሄዳል፣ እሳቸውም ከባለቤቱ ጋር ወርደው ሥራውን ይጨርሱታል። ሥራው እንደሆነ ሄዷል፤ ምንጩ ተገድቦ፣ ቦዩ በደቦ ተቆፍሮ፣ ቧንቧው ወደ ሸለቆው መውረድ ጀምሯል። ማንም አልተከፋም፤ ማንም ሰኞ ሲመጣ አልፈራም።

ፈይሩዝም ተሸፍናለች። ልጇ በወባ ሆስፒታል ተኝቶ የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ሳትልክ ቀረች። ስትመለስ ሰሌዳው ላይ በቀይ የሚጠብቃት ካርድ የለም፤ ያለው ጋሽ ሙሀመድኑር ዘንድ ነው። ደስ አላት፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ አላት። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሦስት ሥራዎቿም በዚያው መንገድ ሄዱ። «ጀዛከላህ» ብሎ ማመስገን ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እሳቸው በገቡ ቁጥር ከወንበሯ ቶሎ ትነሣለች፣ ሻይ ታስመጣላቸዋለች፣ ፊታቸውን ግን ትክ ብላ አታይም።

በግንቦት ከዋናው መሥሪያ ቤት የፕሮግራም ኃላፊዋ ወይዘሮ ጽጌማርያም ደወለች። ማኅበሩን በገንዘብ የሚረዳው ለጋሽ እጁን ሰብስቧል፤ ከየቅርንጫፉ አንድ ሰው ይቀነሳል። «እናንተ ዘንድስ ነገሩ ቀላል ነው፤» አለች። «ሙሀመድኑር የሚባሉት ሰውዬ ከአስር በላይ ሥራ አዘግይተዋል። ሌሎቻችሁ ንጹሕ ናችሁ። ሪፖርቱ ፊቴ ነው ያለው።»

አሰልጣኙ ስለ ሪፖርቱ ገጽ ሲናገር ያቋረጠው የጁሙዓ አዛን ያኔ ፈይሩዝ ጆሮ ላይ ጮኸ። «እሳቸው አላዘገዩም!» አለች። «የሰው ሥራ ነው የወሰዱት፤ ሊሸፍኑን ብለው።»

«ጥሩ። የማንን ሥራ?»

የሸሪፋን ስም ብትጠራ ሸሪፋ ልትባረር ነው። የአብዱልጀሊልን ብትጠራ እሱ። የራሷን ለመጥራት ደግሞ፣ ይህን ስታስብ አፈረች፣ ልቧ አልደፈረም።

«ሐሙስ በቪዲዮ ስብሰባ እናደርጋለን፤ ያኔ ታረጋግጪልኛለሽ» ብላ ጽጌማርያም ስልኩን ዘጋች።

ፈይሩዝ ጋሽ ሙሀመድኑርን ያገኘቻቸው ጨፋ ውስጥ፣ ቦዩ ዳር፣ ከቆፋሪዎቹ ጋር ሲጫወቱ ነው። ወደ ጎን ወስዳ ነገሩን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። እሳቸው ሰምተው ሲጨርሱ ከከዘራቸው ጫፍ ላይ ጭቃ ይጠርጉ ጀመር።

«እኔን ማንም አላስገደደኝም፤» አሉ።

«ሥራዎን ሊያጡ እኮ ነው!»

«ሪዝቅ የአላህ ነው፤ እንጀራ ሰጪው እሱ ነው። ሰጥቼ መልሼ አልቀማም፣ ልጄ። አንቺም አፍሽን ያዢ። ሸሪፋ ሁለት የቲም ታሳድጋለች፤ አብዱልጀሊል ገና ጎጆ መውጣቱ ነው።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ ማሽላዬ አለችኝ።»

ማሽላው የለም። መሬቱን ለወንዶች ልጆቻቸው ካካፈሉ ሰንብተዋል፤ የባለቤታቸው የስኳር መድኃኒት የሚገዛው ከደመወዛቸው ነው። ከሚሴ ትንሽ ከተማ ናት፣ እንዲህ ያለው ነገር አይደበቅም። ፈይሩዝ ይህን ሁሉ እያወቀች «እሺ ጋሼ» ብላቸው ወደ ቢሮ ተመለሰች፤ መንገዱን ሙሉ ራሷን ስትሰድብ መጣች።

ሐሙስ የጽጌማርያም ፊት በላፕቶፑ ስክሪን ላይ ታየ፤ ግድግዳው ላይ ሰሌዳው በርቷል። በጋሽ ሙሀመድኑር ስም ሥር ያለው ሁሉ ቀይ ነው። እሳቸው እጃቸውን አጣጥፈው እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ተቀምጠዋል። ሸሪፋና አብዱልጀሊል ጉዳዩን የሰሙት ያን ዕለት ጠዋት ነው፤ ሁለቱም ጠረጴዛውን ያያሉ።

«እንግዲህ ፈይሩዝ፣ እናረጋግጥ?» አለች ጽጌማርያም።

ፈይሩዝ «የሩብ ዓመት ሪፖርት» የሚለውን ካርድ ከፈተች፤ የጋሽ ሙሀመድኑርን ስም አወጣች፣ የራሷን አስገባች። ካርዱ ግድግዳው ላይ በስሟ ቀላ። ሁለተኛውን ከፈተች፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። «እነዚህ የኔ ናቸው፤» አለች። «ያዘገየሁት እኔ ነኝ።»

«ተዪ እንጂ!» አሉ ጋሽ ሙሀመድኑር። «ተዪ ብያለሁ!»

ፈይሩዝ በልቧ፣ ማንም ባይከተለኝ አልፈርድም፣ ልጅ ያለው ሰው ይፈራል አለች። እሷም ፈርታ ከርማለች። ከዚያ ሸሪፋ ከወንበሯ ብድግ ብላ ግድግዳው ላይ በጣቷ ጠቆመች። «ኩን ካን ኮቲ!» አለች፤ አዲስ አበባ ያለችው ሴት ኦሮምኛ እንደማትሰማ ትዝ ሲላት ደግማ በአማርኛ፣ «ይኼ የኔ ነው። የቧንቧው። ከሥሩ ያሉት ሁለቱም» አለች። ሻርፗ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ነበር፣ አልጎተተችውም። አብዱልጀሊል ማውሱን ከፈይሩዝ እጅ ወስዶ የራሱን ሦስት ካርዶች አንድ በአንድ ወደ ስሙ መለሰ።

በጋሽ ሙሀመድኑር ስም አንድ ካርድ ብቻ ቀረ፤ «የሽማግሌዎች ስምምነት» ይላል። «ይቺ እንኳ የራሴ ናት፤» አሉ ቀስ ብለው። «ኮምቦልቻ የሄድኩ ቀን ነው ያለፈችብኝ። እዚያው ትሁን።»

ጽጌማርያም ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ፊቷ ላይ ድካም ይታይ ነበር። «ፈይሩዝ፣ አሁን ያዘገዩት ሰዎች ዝርዝር ከማን እንደሚጀምር አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«እኔ እንዳለ ነው የማቀርበው።»

«እንዳለ ያቅርቡት።»

በሚቀጥለው ሳምንት ውሳኔው በስልክ መጣ። የከሚሴን ሥራ ከእንግዲህ ደሴ ያለው ቢሮ ያስተባብረዋል፤ የአስተባባሪዋ ቦታ በሰኔ መጨረሻ ይዘጋል፤ ሌሎቹ ይቀጥላሉ። ፈይሩዝ «እሺ» ብላ ስልኩን አስቀመጠች። ማንም እንዳያያት ዕቃ ግምጃ ቤቱ ገብታ በተረፉት ቧንቧዎች ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ይምሩኛል ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር። እውነት ስለተናገርኩ ይተዉኛል ብላ እንደ ሕፃን ተስፋ አድርጋ ነበር። ሥራዋን ትወደው ነበር፤ ያን ቧንቧ ጨፋ ሲደርስ አስተባባሪ ሆና ልትከፍተው ፈልጋ ነበር።

በሩ ተከፈተና ጋሽ ሙሀመድኑር ገቡ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ ተቆጥተዋል። በከዘራቸው ሲሚንቶውን መቱት።

«ማን ጠየቀሽ? እ? ማን ነይና አድኚኝ አለሽ? በኔ ምክንያት እንጀራሽን ትጥዪ? ይኼን ይዤ አላህ ፊት ልቁም ነው? ማን ጠየቀሽ ነው የምልሽ!»

ፈይሩዝ እንባዋን በሻርፗ ጠርጋ ቀና ብላ አየቻቸው፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ትክ ብላ አየቻቸው። «እርስዎንስ ማን ጠየቀዎት?»

ለሁሉም መልስ ያላቸው ሰውዬ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ቧንቧው ላይ ከጎኗ ተቀመጡ። ከውጭ የባጃጅ ጡሩምባና የሸሪፋ ድምፅ ይሰማል፤ ከነጋዴው ጋር በስልክ ትጨቃጨቃለች።

«ሰው ሲሸፍንህ እንዲህ እንደሚከብድ፣» አሉ በመጨረሻ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ «ወላሂ አላውቅም ነበር።»

«እኛ እናውቀው ነበር፣ ጋሼ፤» አለች ፈይሩዝ።