ኮረብታው ዝም ያለበት ሳምንት

እስቲ ወዲህ ጠጋ በሉና ቦሼን እዩልኝ። ትኩስ ጎደሬ ትልጣለች፤ ጣቷን ሲያቃጥላት እፍ ትልበታለች፣ ደግሞ ትልጣለች። ለማን እንደምትልጥ እሷም አታውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ ምሳ ስትሸጥላቸው የነበሩት የክሬሸሩ ሠራተኞች ሥራ ከፈቱ ዛሬ አምስተኛ ቀናቸው ነው። ድንጋይ መፍጫው ቆሟል። እጇ ግን ለምዶባት በጠዋት ተነስታ ቀቀለች።

የወንድሟ ልጅ ቸርነት ዱላውን በሩ ላይ አስደግፎ ገባ።

«እማማ ቦሼ፣ ሰማሽ? ፖሊሶች አንጁሎን ወደ ተበላ ከተማ ወሰዱት።»

«የቱን አንጁሎ?» አለች፣ እያወቀች።

«ዘበኛውን ነዋ! የታች ቀበሌ ሰው አይደል? ጀነሬተሩ ውስጥ ውሃ የጨመረው እሱ ነው። ኮረብታው ለእኛ ለላይ ቀበሌ ሊወሰንልን ሲል ነው የላኩት።»

«ማን አየው?»

«ማየት ምን ያደርጋል? ቅዳሜ ወርደን እናሳያቸዋለን።» አንድ ጎደሬ አነሳና በሚፋጀው የቃሪያ ዳጣ አጥቅሶ ጎረሰ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ኧረ ይሄ ዳጣ! ዱላ ምን ያደርግልናል፣ አንቺን ይዘን መውረድ ነው እንጂ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። ዛሬ አልሳቀችም። ቸርነትም አፉን እየጠረገ ወጣ።

ይሄ የላይ ቀበሌ፣ የታች ቀበሌ የሚባለው ነገር ክሬሸሩ ከመጣ ወዲህ ነው። ማን ይቀጠር፣ ግብሩ ለማን ይግባ እየተባለ። ድሮ ኮረብታው የወፍጮ ድንጋይ የሚወጣበት ነበር፣ በቃ። ጌታ የሰበሰበው ባሏ ኤልሳዕ የታች ቀበሌ ልጅ ነበር፤ እዚያ አናቱ ላይ፣ ትልቁ ቋጥኝ ሥር ተቀምጦ ወፍጮ ይጠርባል። ከሁለቱም ወገን ሴቶች የእጅ ወፍጯቸው መጅ ሲለሰልስባቸው በጀርባቸው አዝለው ይወጣሉ፣ እሱም እስኪሻክር ይወቅርላቸዋል። ተራ እስኪደርሳቸው ጥላው ሥር ጸጉር ይሠራራሉ፣ መዝሙር ያወጣሉ፣ ሰው ያማሉ። ቦሼም ያኔ ልጃገረድ ነበረች።

«ይሄን መጅ ባለፈው ሳምንት አልወቀርኩልሽም?» አላት አንድ ቀን።

«ቶሎ ለሰለሰብኝ» አለችው።

ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ። በዓመቱ አገባት።

በኋላ ተበላ ላይ የናፍጣ ወፍጮ ሲተከል ወደ ኮረብታው የሚወጣ ሰው ጠፋ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ናፍጣው ውስጥ ውሃ ገብቶ ወፍጮው አንድ ቀን ሲቆም፣ ሴቶቹ ሁሉ መጃቸውን አዝለው ተመልሰው መጡ። ኤልሳዕ የዚያን ቀን ደስታ እስኪሞት ድረስ ያወራው ነበር።

ባለፈው ሳምንት መሐንዲሶች መጥተው ኤልሳዕ ይቀመጥበት የነበረውን ቋጥኝ ቀይ ቀለም ቀቡት። ነገ ይፈርሳል አሉ። በዚያው ቀን ቦሼ ምሳ አቀረበች። ማሽኑ ጠፋ፣ ሠራተኛው ጥላ ፍለጋ ሄደ፣ አንጁሎም ሳህኑን ይዞ ተከተላቸው። እሷ እጅ የሚታጠቡበትን ጀሪካን አንስታ የቀረውን ውሃ የጀነሬተሩ ናፍጣ ማጠራቀሚያ ውስጥ ገለበጠችው። አንድ ቀን ብቻ ዝም እንዲል ነበር ሐሳቧ። እንደ ተበላው ወፍጮ መስሏት። ከሰዓት ሲያስነሱት ግን የናፍጣ ፓምፑም መርጫ ኖዝሉም ተበላሸ። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ወር ይፈጃል ተባለ።

አምስት ቀን ሙሉ ኮረብታው ዝም አለ። እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ ወደ ቋጥኙ አልወጣችም።

ስልኳን አንስታ ሶዶ ከተማ ቢሮ ለምትሠራው ልጇ ለትሕትና ደወለችላት።

«ትሕትናዬ፣ ውሃውን የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

«የምን ውሃ?»

«የክሬሸሩን።»

ትሕትና ሳቀች። እናቷ አብራት ሳትስቅ ስትቀር ሳቋን አቆመች።

«እማዬ! ለማንም እንዳትናገሪ! በስድሳ ዓመትሽ ልትታሰሪ ነው? አንቺን ማን ይጠረጥራል? የጸሎት ቤት አገልጋይ እኮ ነሽ።»

«እሱ አይደል የሚያመኝ።»

«የታሰረውን ሰውዬም ማስረጃ ካጡበት ይለቁታል።»

«እስኪለቁት ቅዳሜ ይደርሳል፣ ልጄ። እዚህ ሰው ሊጋደል ነው።»

«እማ፣ በጌታ ስም፣ እኔ እስክመጣ ጠብቂኝ።»

ስልኩን ዘጋችና ተንበረከከች። «ጌታ ሆይ» ካለች በኋላ የሚከተለው ቃል ጠፋባት።

እንዲህ እንደሆነች በጓሮ በኩል፣ በእንሰቱ መሐል፣ ሊድያ መጣች። የአንጁሎ ሚስት ናት። በፎጣ የተቋጠረ ምሳ ይዛለች፤ ላብ አጥምቋታል።

«እማማ፣ የሰፈራችሁ ልጆች መንገድ ዘግተው የታች ቀበሌ ሰው አናሳልፍም አሉኝ። ከእናንተ ወገን ወደ ተበላ የሚሄድ ካለ ይሄን ላኪልኝ። ከትናንት ጀምሮ አልበላም።»

«ተቀመጪ፣ ውሃ ጠጪ።»

«አልቀመጥም። ትናንት ሲወስዱት ምን አለኝ መሰለሽ? 'እማማ ቦሼን ጠይቂያት፣ ንጹህ መሆኔን እሷ ታውቃለች' አለኝ። ሁልጊዜ ሥራ ቦታው አጠገቡ ስለነበርሽ ነው መሰለኝ።»

«አውቃለሁ» አለች ቦሼ።

ቋጠሮውን ተቀበለቻት። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ ጋቢዋን አጠፈች፣ መጽሐፍ ቅዱሷን መሐሉ ከተተች፣ ከመደርደሪያው አንድ አዲስ ሳሙና አወረደች።

«ሳሙና እንኳ ሰጥቼዋለሁ፣ እማማ» አለች ሊድያ።

«ይሄ የኔ ነው።»

ሊድያ አልገባትም። ቦሼ በሩን ቆለፈችና ቁልፉን ለጎረቤት ሰጠች፤ ትሕትና ስትመጣ ስጧት ብላ።

«ነይ እንሂድ» አለቻት። «ከኔ ጋር ሲያዩሽ ያሳልፉሻል። ባልሽን ይዘሽ ትመለሻለሽ።»

እናንተ ደግሞ ዛሬ በሚኒባስ ወደ ተበላ የምታልፉ ከሆነ፣ መንገድ ዳር ጋቢ ያቀፈች ሴትዮ እጇን ብታነሳ፣ እባካችሁ ሾፌሩን አስቁሙላት።