ምድጃው አልተለኮሰም ነበር

በጉባኤው በሦስተኛው ቀን የአስተርጓሚዋ ጉሮሮ እንደ ቆዳ ደርቆ ነበር። እሷና ባልደረባዋ ከአዳራሹ ጀርባ ባለች ጠባብ የመስታወት ክፍል ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፍተው፣ በየግማሽ ሰዓቱ እየተፈራረቁ ይተረጉማሉ። ጉባኤው በእስልምናና በሌሎች ሥልጣኔዎች መካከል ስለሚደረግ ውይይት ነው። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የከተማዋ ትልቁ መስጊድና አንድ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ አሮጌ መጻሕፍትን አብረው ለመጠገን ውል ሊፈራረሙ ነበር። ባልደረባዋን፣ አፉ ስለማያርፍ፣ «ሬዲዮ» ይሉታል።

«ሦስት ቀን ሙሉ ድልድይ ስንሠራ ከረምን» አላት ማይኩን ዘግቶ፣ «የሚሻገር ሰው ግን እስካሁን አላየሁም።»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ ማይኩን ወደ ራሷ ሳበች። መድረኩ ላይ የወጡት ውሉን የሚፈርሙት የውጭ አገሩ ፕሮፌሰር ነበሩ፤ ጠጉራቸው ጥጥ የመሰለ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው። ንግግራቸው በጽሑፍ አስቀድሞ ስለደረሳት ብዙም አልተጨነቀችም። ሰውየው ግን ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

በአስተርጓሚ ሕግ ተናጋሪው «እኔ» ካለ አስተርጓሚውም «እኔ» ይላል። እሷም እንደ ልማዷ ተከተለቻቸው።

«ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት እዚህ ከተማ ተማሪ ሆኜ መጥቼ ነበር። የመስጊዱ ቤተ መጻሕፍት ጠባቂ አመነኝ፤ ቁልፍ ሰጠኝ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ ማጨስ በተከለከለበት ክፍል፣ ሲጋራ አጨስኩ። ቁራጩን በደንብ ሳላጠፋ መስኮቱ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ሥር ጥዬ ወጣሁ። ያንን ቤተ መጻሕፍት ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።»

ቃሉ ከገዛ አፏ ከወጣ በኋላ ነው ትርጉሙ የገባት። ክው አለች። ያ ጠባቂ አባቷ ነው።

ሬዲዮ ነገሩን ያውቅ ነበርና ሊተካት እጁን ወደ ማይኩ ሰደደ። እጁን ገፋችው።

«ጠባቂው የሻይ ምድጃውን ሳያጠፋ ሄደ ተባለ» አለች፣ ድምፅዋ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ እየተሰማት። «ምድጃው ግን አልተለኮሰም ነበር። አይቻለሁ። በማግስቱ አገሬ ገባሁ፤ ዝም አልኩ። ይህ እንዲመዘገብልኝ እለምናለሁ።»

ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት የመስጊዱ ኢማም ዞረው በመስታወቱ በኩል አዩዋት። የማን ልጅ እንደሆነች ያውቃሉ።

ማዳመጫዋን አውልቃ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። እናቷ ትዝ አለቻት። እናቷ አባቷ ከወጥ ቤት በወጣ ቁጥር ከኋላው ገብታ፣ መጥፋቱን ለማረጋገጥ፣ የምድጃውን ቁልፍ ትነካ ነበር። እሷስ? ባለፈው ሳምንት ልትጠይቀው ሄዳ፣ እሱ ቁጭ ብሎ እያያት፣ ነክታው አይደል የወጣችው?

ፕሮፌሰሩ ሲወጡ መንገዳቸው ላይ ቆመች። «ለምን ዛሬ?» አለቻቸው በቋንቋቸው።

«ያ ሰው ሞቷል ብለውኝ ነበር» አሉ። «ቢያንስ ስሙን ላጥራለት ብዬ…»

«አልሞተም። አባቴ ነው። ቤቱ ከዚህ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው።»

ሰውየው አመድ መሰሉ። የሚይዙት ነገር ፈልገው እጃቸው አየር ጨበጠ።

«ለሞተ ሰው መናዘዝ ይቀላል» አለቻቸውና ጥላቸው ሄደች።

አባቷ ከሥራው ከተባረረ ወዲህ ትምህርት ቤት በር ላይ ባለች ኪዮስክ ደብተርና እርሳስ ይሸጣል። ስትደርስ ደብተሮችን በሲባጎ እያሰረ ነበር። ቆማ፣ ሳትቀመጥ፣ ሁሉንም ነገረችው። እጁ ማሰሩን አላቆመም።

«መስኮቱ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ሥር ጣልኩ ነው ያለው?»

«አዎ አባባ።»

«በሰው ፊት ነው የተናገረው?»

«በሰው ፊት። እኔው ነኝ የተረጎምኩት።»

ያኔ ሲባጎው ከእጁ ወደቀ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኔ ሌሊት ሃያ ስምንት ዓመት ፈጀ» አለ። ቆይቶ ደግሞ «እናትሽ ሳትሰማ ሞተች» አለ። ቀና ብሎም አያት። «አንቺስ ታምኚኝ ነበር?»

አጠገቡ ካርቶን ላይ ቁጭ ብላ እጁን ያዘች፤ አልነጠቃትም፣ አልጨበጣትምም።

በማግስቱ ጠዋት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ «ውሰጂኝ» አላት። ደውላ ነግራቸው ስለነበር፣ ፕሮፌሰሩ ባረፉበት ሆቴል ትንሽ የስብሰባ ክፍል ከኢማሙ ጋር ተቀምጠው ሲጠብቁ ሌሊቱን ያልተኙ ይመስሉ ነበር። ሊያቅፉት ተነሡ፤ አባቷ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ንገሪው» አላት። «ይቅርታው ገና ነው፤ ከውስጤ ሲመጣ እነግረዋለሁ። አሁን ወረቀት ያውጣ። የተቃጠሉትን መጻሕፍት በመደርደሪያ በመደርደሪያው አውቃቸዋለሁ። እኔ ስጠራ እሱ ይጻፍ።»

ፕሮፌሰሩ ብዕራቸውን አወጡ። አባቷ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በዚያ በጠፋ ክፍል ውስጥ እንደሚራመድ ሰው፣ እጁን ከፍና ዝቅ እያደረገ ጠራ፤ የሕክምና መጽሐፍ፣ የከዋክብት መጽሐፍ፣ ዳርቻው በቀይ ቀለም የተጻፈበት የሐዲስ ትርጓሜ። እሷ ትተረጉማለች፤ ሰውየው ይጽፋሉ። ኢማሙ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ዓርብ ከሶላት በኋላ ለሕዝቡ እናገራለሁ፤ እኛም በድለንሃል» አሉ። አባቷ ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ፕሮፌሰሩ ብዕሩን አስቀመጡ። «ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ አንድ መጽሐፍ ዘሏል» አሉ። «ስለ መስኖ የተጻፈው፣ ሽፋኑ አረንጓዴ።»

ተረጎመችለት።

አባቷ ዓይኑን ገለጠ። «አረንጓዴ? ቡናማ ነው!»

«አረንጓዴ ነው፤ አንድ ወር ሙሉ አንብቤዋለሁ!»

«እኔ በየሳምንቱ አቧራውን የጠረግኩትን? ልጄ፣ ቡናማ ነው በይው!»

ሁለቱም ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። እሷ ከወዲያ ወዲህ እየተረጎመች መድረስ አቃታት፤ ማታውን ሙሉ እምቢ ያላት እንባ አሁን በክርክሩ መሐል ወረደ። ማንም አላስተዋላትም። ውሉ ከሰዓት በኋላ ሲፈረም ፕሮፌሰሩ አልሄዱም፤ ምክትላቸው ፈረመ። እነሱ ገና አራተኛው መደርደሪያ ላይ ነበሩ።