የቲቸር ቀስት ሰሌዳ

«ቀስቱ ላይ ቃል የለማ!» አለች አክስት ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ። «እናትሽ ብታይ ትቆጣሽ ነበር።»

ሳሎኑን የሞሉት ለቅሶ ደራሾች ዞር አሉ። ሟቿን ሰፈሩ «ቲቸር ቀስት» ይላት ነበር። ስታስረዳ ነጩ ሰሌዳዋ ላይ ሐሳቦቹን በክብ በክብ ትጽፍና በቀስት ታያይዛቸዋለች፤ ቀስቱ ላይም ምን እንደሚያገናኛቸው ትጽፋለች፤ ስትሳሳት በመዳፏ ጠርጋ እንደገና ትጀምራለች። አሁን ሰሌዳው ፊት ማርከር ይዛ የቆመችው ልጇ ናት፤ «እናቴ» እና «እኔ» የሚሉ ሁለት ክቦችን በባዶ ቀስት አያይዛለች። ነገ በትምህርት ቤቱ መታሰቢያ ላይ ስለ እናቷ መናገር አለባት፤ የምትለው ግን ጠፍቷታል።

«መሃል ላይ ጥያቄ ነው የሚጻፈው» አለች አክስት። «የሚከነክንሽን ጻፊ።»

ልጅቷ ጻፈች፦ «ማታ ማታ ለምን እቤት አትገኝም ነበር?» ከ«እናቴ» ወደ «እኔ» በሚሄደው ቀስት ላይም «ትታኝ ትሄድ ነበር» ብላ ጨመረች። ልጅ ሳለች እናቷ አምሽታ ገብታ «ዛሬ ምን ከምን ጋር ተገናኘ?» ስትላት፣ አኩርፋ ወደ ግድግዳው ትዞር ነበር።

ከለቅሶ ደራሾቹ መሃል ድሮ ትምህርት ቤት ያደርሳት የነበረው ሹፌር ወደ ሰሌዳው ተጠጋ። «መንጃ ፈቃድ ፈተና ስወድቅ ስነሳ ማታ ማታ ያስጠናችኝ እሷ ናት። ውለታሽን በምን ልክፈል ብላት፣ ‹ልጄን ትምህርት ቤት አድርስልኝ፣ አደራ› አለችኝ።»

«መንገድህ ስለሆነ አልነበር እንዴ?» አለች ልጅቷ።

«ምን መንገዴ! ቤቴ ሌላ ጫፍ ነው!»

ሳቅ ፈነዳ። ልጅቷ ክብ ሠራችለት፤ ከ«እናቴ» ወደ እሱ «አስጠናችው»፣ ከእሱ ወደ «እኔ» ደግሞ «አደረሰኝ» የሚሉ ቀስቶች ሰደደች።

የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ ደግሞ ማርከሩን ልትቀማት ምንም አልቀራት። «እኔንስ! ባሌ ሲሞት የዳቦ ቤቱ ሥራ ከየት እንደሚጀመር ጠፍቶኝ፣ አብራኝ እያመሸች ነው ያስያዘችኝ። ‹ልጄ በባዶ ሆዷ እንዳትወጣ፣ አደራ› አለችኝ። ጠዋት ጠዋት ትኩስ ዳቦ ይዤ የምመጣው ለዚያ ነበር።»

«እኔ ደግሞ ዝም ብለሽ ደግ ትመስዪኝ ነበር!»

«ደግማ ነኝ!»

ሁሉም ተነስቶ ሰሌዳውን ከበበ፤ ይሄም ያም የራሱን ያስጽፋል። ዞር ዞር ብሎ ቀስቱ ሁሉ «እኔ» ጋ ይደርሳል።

«ተገናኘ!» አለች ልጅቷ እያለቀሰች እየሳቀች። የነገው ንግግሯ ፊቷ ተዘርግቷል። «ትታኝ ትሄድ ነበር» የሚለውን በመዳፏ ጠረገችና በቦታው «አደራ» ብላ ጻፈች።

አክስት በማርከሩ ቀለም የጠቆረውን የልጅቷን እጅ አይታ ውሃ ልታመጣላት ዞረች።

«ተይው» አለቻት ልጅቷ፣ መዳፏን ጨብጣ።