ሶታውና ምሳው

ምሳው የሰው ወሬ በግድግዳ የሚያደምጥ ሰው አልነበረም። ስድሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ከደሃና ወጥቶ ሰቆጣ ቤት ከሠራ ወዲህ እርሻውን ለዘመድ የእኩል ሰጥቶ፣ ጓሮው ውስጥ ካሉት ሰባት ቀፎ ንቦች በቀር ጆሮውን የሚሰጠው ነገር የለም። ያን ዕለት ግን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ አዲስ ቀፎ በእበት እየለቀለቀ በተከራያቸው ክፍል ግድግዳ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር።

ተከራይዋ ማስተዋል ትባላለች። ከደብረ ታቦር ተመድባ የመጣች የመንግሥት ሠራተኛ ናት። የምሳው ሚስት አመተ ማርያም እሑድ እሑድ ወደዚች ልጅ ክፍል ትገባለች፤ ከገባች እስከ አሥር ሰዓት አትወጣም። ምሳውም የሴቶች ጨዋታ ነው ብሎ ምን እንደሚያደርጉ ጠይቆ አያውቅም።

ቢጠይቅ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ሁለቱ ሴቶች የሚያዩት ማስተዋል በስልኳ የምትከታተለውን ማንጋ ነበር፤ ጃፓኖች በሥዕል የሚነግሩት የፍቅር ታሪክ ነው። በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ ይመጣል። ማስተዋል እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ ትመልሳለች፤ አመተ ማርያም ፊደል ባትቆጥርም ፊትን ማንበብ ታውቃለችና ሥዕሉን አንድ በአንድ ትመረምራለች። ታሪኩ የአንዲት ድሃ ተማሪና የአንድ ሀብታም ልጅ ነው። የልጁ ስም ሶታ ይባላል። አመተ ማርያም ስሙን የሰማች ዕለት በሳቅ ልትሞት ነበር። «ጎረምሳን ሶታ ማለት የኛ ብቻ መስሎኝ! ጃፓኖችም አማርኛ ያውቃሉ እንዴ?»

ሶታ መልከ መልካም ነው፤ ክፉም ነው። የልጅቱን ሰላምታ አይመልስም፤ ስታለቅስ ፊቱን ያዞራል፤ ሰው በተሰበሰበበት ያዋርዳታል። ማስተዋል ግን ትራራለታለች።

«አባቱ በልጅነቱ ጥሎት ስለሄደ እኮ ነው እትዬ።»

«አባት የሌለው ሁሉ ሰው ያስለቅሳል? እንደዚያማ ቢሆን ዋግ ውስጥ ማን ዓይኑ ይደርቅ ነበር!»

በዚያ እሑድ የመጣው ምዕራፍ ደግሞ የባሰ ሆነ። ልጅቱ ማልዳ ተነሥታ የሠራችለትን ምሳ፣ ሶታ ተማሪው ሁሉ እያየ መሬት ላይ ደፋው። አመተ ማርያም ከተቀመጠችበት ብድግ አለች።

ምሳው ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያውቅም። የሰማው በጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ የመጣለትን የሚስቱን ድምፅ ብቻ ነው።

«ምሳው ነው እኔን ያንገበገበኝ! ምሳው!»

እጁ እበቱ ላይ ቀረ። አመተ ማርያም በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ስሙን ጠርታው አታውቅም። «የማሬ አባት» ነው የምትለው፤ ወልድያ የተዳረችው ልጃቸው ማሬ ሳትወለድ በፊት ደግሞ «አንተ» ብቻ ነበር። ቤት ውስጥ የሚነጋገሩትም በኽምጣኛ ነው። ይኸው አሁን ስሙን፣ ያውም በአማርኛ፣ ያውም ለተከራይ!

«ሶታ ነኝ ብሎ በሰው ፊት ይደፋል?» ቀጠለች። «ስንት የተለፋበትን እህል!»

ማስተዋል አንድ ነገር መለሰች፤ ድምፅዋ ለስላሳ ነውና አልተሰማውም። የሚስቱ ግን ጥርት ብሎ መጣ።

«ልቡን ማን አየው? እኔ እንደሆንሁ ጥዬው ነው የምሄድ! ማለዳ ተነሥቼ ጥዬው ነው የምሄድ!»

ምሳው ቀፎውን እንደ ተለቀለቀ ትቶ ተነሣ።

በሰው ፊት የደፋው አንድ ቀን ብቻ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት አልፎታል። በደሃና የገብስ አጨዳ ደቦ ነበር፤ አመተ ማርያም ከተዳረች ገና ሦስት ወሯ። አሥራ ሁለት አጫጆች ተርበው ቁጭ ባሉበት፣ አገልግሉን አዝላ ዳገቱን ወጥታ መጣች። ላቧን እንኳ ሳትጠርግ ከፈተችው። እሱም ወጡን አየና «ይህን ሁሉ ጨው ልትፈጂን ነው?» ብሎ አገልግሉን በእግሩ ገለበጠው። እሷ እንጀራውን ከቃርሚያው መካከል ለቅማ መልሳ፣ አገልግሉን ከድና፣ የመጣችበትን መንገድ ወረደች። ማታም፣ በማግሥቱም፣ ከዚያም ወዲህ ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል ተናግራ አታውቅም። እሱም የተረሳ ነገር ነው ብሎ ኖረ።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ሲባል በሌላ ሰው ላይ ይመስለው ነበር።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ሁለት ጀሪካን ይዞ ወደ ቦኖው ወረደ። አመተ ማርያም ስትነሣ ውሃው ሞልቶ ቆሟል፤ ባሏ ደጃፉ ላይ ያለከልካል።

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም። እንዲያው ነው።»

ማክሰኞ ወጥ ስታቀርብለት ገና ሳይጎርስ «እጅሽ ይባረክ፣ እንዲህ ያለ ወጥ በሰቆጣ የለም» አላት፤ ጎረቤት ተቀምጣ ስለነበር ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመላት። ረቡዕ ቀይ ሻሽ ገዝቶ መጣ። አመተ ማርያም ሻሹን ከመቀበሏ በፊት ግንባሩን በመዳፏ ዳሰሰችው። ትኩሳት የለውም። ሐሙስ ማስተዋልን ጥግ ይዛ «ይህ ሰው ሊሞት ነው መሰል፤ እየተሰናበተኝ ነው» አለቻት።

«ታዲያ ለምን ሆስፒታል አንወስዳቸውም?»

ምሳው ሁለቱ ሲንሾካሾኩ ከሩቅ አያቸው። የምትሄድበትን ቀን እየቆረጡ መሰለው።

አርብ ወደ ጌታሁን ሄደ። ጌታሁን የልጅነት ጓደኛው ነው፤ ከዚያ ደቦ አጫጆችም አንዱ ነበር።

«ያን የገብስ ደቦ ታስታውሰዋለህ?»

«አገልግሉን የገለበጥህ ዕለት?» አለ ጌታሁን ትንሽም ሳያስብ። «ምን ያስረሳኛል! እስከ ማታ በባዶ ሆዴ ነው ያጨድሁልህ።»

«ልትተወኝ ነው።»

«ማን?»

«የማሬ እናት ናታ! በጆሮዬ ሰማኋት። ስሜን ጠርታ።»

ጌታሁን ሊስቅ የከፈተውን አፉን ዘጋው። «ስምህን ጠርታ? እንግዲያ የምሯን ነው።»

«ምን ይሻለኛል?»

«ሽማግሌ ላክ። ሠላሳ አምስት ዓመት ዘግይተሃል፤ እንግዲህ ይቺን እሑድ እንዳታሳልፋት።»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጌታሁንና የነፍስ አባታቸው አባ ይስማው የታጠበ ጋቢ ለብሰው፣ ዘንግ ይዘው መጡ። ምሳው ከአጥሩ ውጭ ቀረ። አመተ ማርያም ግቢው ውስጥ ከማስተዋል ጋር ባቄላ እየፈለፈለች ነበር። ነጭ የለበሱ ሁለት ሽማግሎች ሲገቡ ስታይ ብድግ አለች። በእሑድ ቀን ሽማግሌ የሚመጣ አንድም ለዕርቅ ነው፣ አንድም ለጋብቻ፤ በሷ ቤት ደግሞ ጠብ የለም።

«ልጄ፣ አንቺን ሊጠይቁ ነው! ግቢ፣ ግቢ!»

«ማን? እኔን?» ማስተዋል ባቄላውን በትና ወደ ክፍሏ ሮጠች፤ በሩን ግን ገርበብ አድርጋ ተወችው።

«ደህና ዋላችሁ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ» አለች አመተ ማርያም።

«እሺታሽን ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ አባ ይስማው።

«አባቴ፣ ልጅቱ እኮ የኔ አይደለችም፤ ወላጆቿ ደብረ ታቦር ናቸው። ለመሆኑ ልጁ ማን ነው? ሥራ አለው?»

ሁለቱ ሽማግሎች ተያዩ።

«ልጁማ...» አለ ጌታሁን፣ «ስድሳ ሊሞላው ነው።»

«ስድሳ! ለሃያ አምስት ዓመት ልጅ? አታፍርም ጌታሁን? አባቴስ ይህን ብለው ይመጣሉ?»

«ኧረ ተይ፣ የመጣነው ወዳንቺው ነው!» አሉ አባ ይስማው ግራ ተጋብተው። «ምሳው ልኮን ነው።»

«የቱ ምሳው?»

«ባልሽ ነዋ! ልትተዪው መሆኑን ሰምቷል። ባለፈው እሑድ "ምሳው ነው ያንገበገበኝ፣ ጥዬው ነው የምሄድ" ስትዪ በገዛ ጆሮው ሰምቷል።»

ከገርባባው በር ኋላ ጩኸት የመሰለ ሳቅ ፈነዳ፤ ማስተዋል ስልኳን ይዛ ወጣች።

«አባ፣ ምሳው እኮ ምሳው ነው!»

ይህ ለማንም ምንም አልገለጠም። ስለዚህ ያን ምዕራፍ ከፍታ «ይኸው፣ ሶታ የሚሉት ልጅ የልጅቱን ምሳ ሲደፋ» ብላ ለአባ ይስማው ሰጠቻቸው። እሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው አዩት፤ ጸጉሩ ግንባሩ ላይ የወደቀ ጎረምሳ፣ መሬት ላይ የተበተነ ሩዝ፣ እጇን አፏ ላይ ያደረገች ልጅ። ጌታሁን በትከሻቸው ላይ አንገቱን አስግጎ «ሶታ ማለት ይህ ነው? ይኸ ነው ምሳውን ደፊ?» አለ። ነገሩ የገባው መጀመሪያ እሱ ነው፤ ዘንጉን ጥሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አባ ይስማው ተከተሉ። አመተ ማርያምማ ባቄላው ላይ ተቀመጠች።

ምሳው ሳቁን ሰምቶ ገባ። ሲነግሩት አንድ ጊዜ ስልኩን፣ አንድ ጊዜ ሚስቱን ያያል። ከላዩ ሸክም ወረደለት፤ ወዲያው ደግሞ ፊቱ ጋለ።

«እንግዲያ በስሕተት ነው» አለ። «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ በከንቱ አደከምኋችሁ። እንሂድ።»

«ቁም» አለች አመተ ማርያም። ሳቋን አቁማለች። «ሽማግሌ ደጄ ድረስ መጥቶ ባዶውን አይመለስም። ያ የደቦ ቀን ትዝ ይልሃል ማለት ነው?»

«ይለኛል።»

«እኔ የረሳኸው መስሎኝ ነበር።»

«እኔም አንቺ የረሳሽው መስሎኝ።»

«እንግዲያ ተናገረው። በሰው ፊት ነው ያደረግኸው፤ በሰው ፊት ተናገረው።»

ምሳው ጋቢውን ከትከሻው አወረደ። ነገሩን ከመጨረሻው ጀመረው።

«ወጡ ጨው አልበዛበትም ነበር። አልቀመስሁትም እንኳ። ጧት አጫጆቹ "ከሠርግህ ወዲህ ጠላ ቤት ጠፋህ፣ ሚስትህ ናት የምታዝህ" እያሉ ሲስቁብኝ አረፈዱ። ስትመጪ ከሩቅ አየሁሽና ደስ አለኝ። ደስ ማለቴን እንዳያዩብኝ ብዬ ነው ያን ያደረግሁት። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅር በይኝ።»

አመተ ማርያም ቀስ ብላ ቀና አለች።

«አልበዛበትም?»

«አልበዛበትም።»

«ሠላሳ አምስት ዓመት!» ብላ ጮኸች። «ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ፣ በዛ እንዳትለኝ፣ ጨው በሁለት ጣቴ እየቆነጠርሁ ኖርሁ!»

የአመተ ማርያም ወጥ ጨው እንደሚያንሰው በሰፈሩ የማያውቅ የለም። ማስተዋል ስትጋበዝ በወረቀት የጠቀለለችውን ጨው በነጠላዋ ሥር ደብቃ ነበር የምትመጣ። ጌታሁን «እኛስ የማሬ እናት የደም ግፊት ያለባት መስሎን!» አለ።

«አንተስ?» አለች ወደ ባሏ ዞራ። «አነሰ አትለኝም ነበር?»

«አንዴ በዛ ብዬ ያደረግሁትን አውቃለሁ» አለ ምሳው። «በየት አፌ አነሰ ልበል?»

አመተ ማርያም እንደገና ሳቅ ጀመራት፤ ሳቁ ሲበርድ እንባዋን በቀዩ ሻሽ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ለሽማግሎቹ በርጩማውን አስጠጋችና «ተቀመጡ» አለች። ዕርቁ በዚህ አለቀ። አባ ይስማው ካሳዋን ሲጠይቋት ብዙ አላሰበችም፤ እሑድ እሑድ ቀፎውን ትቶ ማስተዋል ክፍል ይግባና የሶታን ክፋት አብሮ ይስማ አለች።

ገባም። ከአራት እሑድ በኋላ ከሁሉ ይልቅ ሶታን የሚጠላው ምሳው ሆነ። ማስተዋል ስለ አባቱ ስታነሣ «ሰበብ ነው! እኔ አውቀዋለሁ፣ ሰበብ ነው» ይላታል። በአምስተኛው እሑድ ሶታ ዝናብ እየመታው በልጅቱ ደጅ ቆሞ ታየ፤ አንዲት «ይቅርታ» ብቻ አለ፤ ልጅቱም እያለቀሰች አቀፈችው። ማስተዋል ዓይኗ እንባ ሞላ። አመተ ማርያም ግን ስልኩን ልትወረውረው ደረሰች።

«ሽማግሌ እንኳ ሳይልክ! አትገባውም!»

«እትዬ፣ እርስዎስ ጋሼን ይቅር ብለዋቸው የለ?» አለች ማስተዋል ድፍረት አግኝታ።

«እኔማ ሠላሳ አምስት ዓመት አይቼዋለሁ! ማሬን ስወልድ ሦስት ቀን ዓይኑን ሳይከድን ደጅ የቆመው እሱ ነው። በክፉው ዓመት ቆሎውን ከአፉ ነጥቆ ለኔና ለልጅቱ የሰጠው እሱ ነው። ባንድ ቀን ክፋቱ ልመዝነው? ይቺ ልጅ ግን ምን አይታ ነው? አምሳ ምዕራፍ ክፋት፣ አንድ ምዕራፍ ዝናብ!»

ምሳው ጆሮው ሳይቀር ቀላ። «አትገባውም» አለ እሱም። «ልጄ፣ እስቲ ሌላ ታሪክ ጀምሪልን።»

«አለ ጋሼ፤ በሱ ውስጥ ደግሞ ሰውየው በጣም ደግ ነው።»

ባልና ሚስት ተያዩ።

«ደግ ከሆነ ታዲያ» አለች አመተ ማርያም፣ «እሑድን ምን እያልን እንውላለን?»