ከጠመቃ ቤት የመጣ እርሾ

ዴሊያ ሃንራቲ በጨርቅ የተሸፈነ የቆርቆሮ ባልዲ ይዛ ከቢራ ጠመቃ ቤቱ ስትመለስ፣ ተከራይዋን ዌንደልን ደረጃው ላይ አገኘችው። ወጣቱ ባልዲውን አየና ቶሎ ብሎ ዐይኑን ወደ ግድግዳው መለሰ።

«ምንም አላየሁም፣ ሚስ ሃንራቲ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰው እንዳያይዎት ከፈለጉ እኔ ላመጣልዎት እችላለሁ።»

ዴሊያ መጀመሪያ አልገባትም። በቺካጎ፣ ከቄራዎቹ ጀርባ ባለው በዚያ ሰፈር፣ በጠዋት የተሸፈነ ባልዲ ይዞ የሚሄድ ሰው ቢራ እንደያዘ ሁሉም ያውቃል። ሲገባት ጨርቁን ገለጥ አደረገችለት። ውስጡ ቡናማ አረፋ ነበር።

«እርሾ ነው፣ ሊቁ። የምትበላው ዳቦ በምን ኩፍ የሚል መስሎህ ነው?»

ዌንደል እስከ ጆሮው ቀላ። «ይቅርታ» አለ። መዋሸት የማይችል ልጅ ስለሆነ ግን ቀጠለ፦ «ባለፈው ሳምንት ጽፌዋለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«የሰካራም ልጅ፣ እሷም ባልዲዋን እየደበቀች እንደምትጠጣ። ስምዎ የለበትም።»

የዴሊያ ሳቅ መጣና መንገድ ላይ ቀረ።

ዌንደል ልብ ወለድ ይጽፋል። የብርዱን ወራት ሁሉ እራት ላይ ሲያስረዳት ከርሟል። ሰው ከእንስሳት ወገን ነው፤ እነሱን የሚገዛው ሕግ እሱንም ይገዛዋል። ደሙና ያደገበት መንደር ወደ ወሰዱት ይሄዳል፤ መረጥኩ ማለቱ ጎርፍ የወሰደው እንጨት «እኔ ነኝ የምሄደው» እንደማለት ነው። ደራሲም እንደ ሐኪም ነው፤ አይፈርድም፣ ያየውን ይጽፋል። የአውሮፓ ፈላስፎችና ሐኪሞች ደርሰውበታል ይላታል። ዴሊያ ድንች እየላጠች ትሰማውና «ታዲያ ሕጉ ድንቹን ማን ይላጥ ይላል?» ትለዋለች።

ቀልዱ ግን ከአፏ አልፎ ልቧ አይደርስም ነበር። የትራም ነጂው አሎይስ በገና በዓል «አግቢኝ» ብሏት እስካሁን መልስ አልሰጠችውም። አባቷ በመጠጥ ሞተ፤ ወንድሟ ዴክላንም እንዲሁ። የምትወልደው ልጅ ያንን ደም ይዞ ቢመጣስ? በመጪው እሁድ እምቢ ልትለው ቆርጣ ነበር።

ወጥ ቤት ገብታ ዱቄቱን ማቡካት ጀመረች። ዌንደል በሩ ላይ ቆመ።

«የመጽሐፍህ ልጅ መጨረሻዋ ምንድን ነው?»

«ትጠፋለች።»

«ሌላ ሊሆን አይችልም?»

«በሕጉ ከሄድን፣ አይችልም።»

እጇን ከሊጡ ሳታወጣ «አንድ ነገር ልንገርህ፤ ግን አትጽፈውም» አለችው። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሳምንት ሁለት ቀን ጠመቃ ቤት እሄዳለሁ። አንዲት ጠብታ ቀምሼ አላውቅም። ሽታውን ግን እወደዋለሁ። አባቴ አባቴ ይለኛል። ይሄ የደሙ ምልክት አይደለም?»

ዌንደል ሊጡን አየ።

«በቢራ እርሾ መጋገር ማን አስተማረዎት?»

«እሱ ነዋ። ባልጠጣ ቀን ይጋግር ነበር። እየዘፈነ።»

«ሕጉ ውሸት ነው ልልዎት አልችልም» አለ ዌንደል። «ሐኪሞቹ አባት ለልጁ ያወርሳል ይላሉ። ከአባትየው ምኑ ለየትኛው ልጅ እንደሚደርስ ግን አንዳቸውም ሲናገሩ አላነበብኩም። እኔም ሁለት ዓመት እዚህ ቤት ኖሬ ባልዲውን ጻፍኩ እንጂ ዳቦውን አልጻፍኩም።»

ዴሊያ ሊጡን ገለበጠችና ፊቷን በክንዷ ጠረገች። ዌንደል ዱቄት ያቀብላት ጀመር፤ ግማሹን ወለሉ ላይ ደፋው፤ እሷም አልተቆጣችውም።

እሁድ አሎይስ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲቀመጥ፣ ስለ አባቷም ስለ ዴክላንም አንድ ሳታስቀር ነገረችው። የምትፈራውንም ነገረችው።

«ባቫሪያ የነበረው አያቴ ፈረሱን ሸጦ ጠጥቶ ጨረሰው» አለ አሎይስ። «ከዚያ ወደ ጋሪው ዞረ።»

«አትቀልድ።»

«አልቀለድኩም። እኔም እፈራለሁ፣ ዴሊያዬ። ግን ለብቻዬ ከምፈራ ካንቺ ጋር ብፈራ ይሻለኛል።»

ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ተጋቡ።